የቁስል ጥድፊያና በቤተ ሙከራ የበቀለ ቆዳ

የሰው ቆዳ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ሰውነት ቅድሚያ የሚሰጠው ክፍተቱን በቶሎ ለመዝጋት እንጂ የጠፋውን ቆዳ እንደ ነበረ ለመመለስ አይደለም። ደሙ ይረጋል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ሥፍራው ደርሰው ተህዋስያንንና የሞተ ሥጋን ያጸዳሉ፤ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ኮላጅን የተሰኘውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር ያመርታሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ ጡንቻ እየተኮማተሩ የቁስሉን ጠርዞች ወደ መሐል ይስባሉ። ይህ ጥድፊያ ከመድማትና ከመመርቀዝ ያድናል፤ ዋጋው ግን ጠባሳ ነው። በጤናማ ቆዳ ውስጥ በየአቅጣጫው ተጠላልፈው የሚገኙት የኮላጅን ክሮች በጠባሳ ውስጥ ባመዛኙ ወደ አንድ ወገን ተደርድረው ስለሚቀሩ ሥፍራው ይደድራል፤ የጸጉር ሥሮችና የላብ ዕጢዎች ስለማይመለሱም ጸጉር አያበቅልም፣ ላብም አያመነጭም፤ በአንገት ወይም በክርን ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ደግሞ መገጣጠሚያውን ጨብጦ እንዳይዘረጋ ያደርገዋል። በቁስል ሕክምና የተገኙ ታላላቅ ፈጠራዎች ታሪክ፣ በብዙ መልኩ ይህን የሰውነት ጥድፊያ የመግራት ታሪክ ነው።

ቁስል አየር ሊያገኝና ሊደርቅ ይገባዋል የሚለው እምነት በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ለረጅም ዘመን የኖረ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ እምነት ፈትኖታል። ዊንተር በአሳማዎች ቆዳ ላይ ካደረሳቸው ቀላል ቁስሎች ከፊሎቹን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ ሌሎቹን ክፍት ሲተዋቸው፣ ርጥበታቸውን የጠበቁት በእጥፍ ያህል ፈጥነው አዲስ ሽፋን አበጁ። ምክንያቱም ከጠርዝና ከጸጉር ሥር የሚነሡት አዳዲስ ሕዋሳት የሚጓዙት በርጥብ ገጽ ላይ በመሆኑ ነው፤ ቁስሉ ሲደርቅ ግን ከቅርፊቱ በታች ርጥበት ወዳለበት እየሰረሰሩ ለመውረድ ይገደዳሉ። ሰውነት ተጣድፎ ያበጀው ቅርፊት ራሱ መንገድ ይዘጋል ማለት ነው። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጡት ርጥበት ጠባቂ የቁስል መሸፈኛዎች የዚህ ግኝት ልጆች ናቸው።

ጥልቅ ቃጠሎ ግን በመሸፈኛ ብቻ አይድንም። ቆዳ በዋነኛነት ሁለት ንብርብሮች አሉት፤ ኤፒደርሚስ የተባለው ስስ የላይኛ ሽፋን ያለማቋረጥ የሚታደስ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለውና ደርሚስ የሚባለው ወፍራም ንብርብር የደም ሥሮችን፣ ነርቮችን፣ የጸጉር ሥሮችንና የላብ ዕጢዎችን ይይዛል፤ ለቆዳ ጥንካሬና ልስላሴ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ሁለቱም ሲቃጠሉ ከመሐል ሊበቅል የሚችል ሕዋስ አይተርፍም። ዣክ ሉዊ ሬቨርደን እ.ኤ.አ. በ1869 በፓሪስ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮችን በቁስል ላይ በማዛወር የከፈተው የቆዳ ንቅለ ተከላ መንገድ እስከ ዛሬ ዋናው ሕክምና ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው አካሉ ለተቃጠለ ሰው ከራሱ የሚወሰድ ቆዳ አይበቃም፣ ከሌላ ሰው የተወሰደውን ደግሞ የሰውነቱ መከላከያ ውሎ አድሮ ያስወግደዋል።

ለዚህ ችግር ሁለት የተለያዩ መልሶች በአንድ ዘመንና በአንድ አካባቢ፣ በአሜሪካ ቦስተንና በጎረቤቷ ካምብሪጅ ተገኙ። የመጀመሪያው ሳይታሰብ የመጣ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሃዋርድ ግሪንና ተማሪው ጄምስ ራይንዋልድ የአይጥ ዕባጭ (ቲዩመር) ሲያጠኑ፣ በመካከሉ የቆዳ ጠባይ ያላቸው ሕዋሳት ሲባዙ አስተዋሉ። ከዚህ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1975 የሰውን ኤፒደርሚስ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ደጋግሞ የማራባት ዘዴ አሳተሙ፤ ምስጢሩም በጨረር መባዛታቸው የተገታ የአይጥ ፋይብሮብላስቶችን ከሥር አንጥፎ ሕዋሳቱን በእነርሱ ላይ ማሳደግ ነበር። ከቴምብር የማይበልጥ ቁራጭ በጥቂት ሳምንታት ሰፊ ገላ የሚሸፍን ስስ ሉህ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1983 ከ95 በመቶ በላይ አካላቸው የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች በቦስተን ሕክምና ሲደረግላቸው፣ የገላቸው ግማሽ ያህል በዚህ መንገድ ከራሳቸው ሕዋሳት በበቀለ ቆዳ ተሸፍኖ ሁለቱም በሕይወት ተረፉ።

የግሪን ሉህ ግን የላይኛውን ንብርብር ብቻ የሚተካ በመሆኑ በቀላሉ የሚላጥና የሚያኮማትር ነበር። በሁለተኛው መልስ የጎደለውን ደርሚስ ያሰቡት የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ጆን በርክና የፖሊመር ሊቁ አዮአኒስ ያናስ ናቸው። ሁለቱ ከከብት የተገኘ ኮላጅንንና ከሻርክ ዓሣ ልም አጥንት የተወሰደ ንጥረ ነገርን አዋሕደው፣ ላዩን በሲሊኮን የሸፈኑት ባለ ቀዳዳ ስፖንጅ ሠሩ። መነሻ ፍላጎታቸው ቁስልን በቶሎ የሚዘጋ ነገር ማግኘት ነበር፤ በእንስሳት ላይ ሲሞክሩት ግን ከናሙናዎቹ አንዱ የቁስሉን መኮማተር አዘገየው። በሌላ ሰው እጅ እንደ ውድቀት ተቆጥሮ ሊጣል ይችል የነበረው ይህ ውጤት ዋናው ግኝት ሆነ፤ የቁስሉ ጠርዞች ሳይጎተቱ በቆዩበት ጊዜ የሕመምተኛው ፋይብሮብላስቶችና የደም ሥሮች ስፖንጁን እንደ ማገር ተጠቅመው አዲስ ደርሚስ ይሠራሉ፣ ማገሩም ቀስ በቀስ ይሟሟል። ከዚያ ሲሊኮኑ ተነሥቶ እጅግ ስስ የሆነ የራስ ቆዳ ይለጠፍበታል። በርክና ያናስ እ.ኤ.አ. በ1981 ከ50 እስከ 95 በመቶ አካላቸው በተቃጠለ 10 ሕመምተኞች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ፤ ኢንተግራ በሚል ስም የወጣው ምርትም እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጸደቀ።

የግሪን ዘዴ ወደ ዘረመል ሕክምና የተሻገረው በኋላ ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ሚኬሌ ዴ ሉካና ባልደረቦቹ፣ በጀርመን ቦኹም ከተማ ይታከም ለነበረና የቆዳውን ንብርብሮች የሚያያይዘው ፕሮቲን በውርስ የተበላሸበት የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ከገላው ከተወሰደ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ሕዋሳትን አውጥተው ዘረመሉን አረሙና እ.ኤ.አ. በ2015 ከቆዳው 80 በመቶ ያህሉን ተኩለት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዘገባ እንዳሳየው፣ ያን ሁሉ ቆዳ የሚያድሱት ለረጅም ጊዜ መባዛት የሚችሉ ጥቂት ግንደ ሕዋሳት ናቸው።

እነዚህ ሕክምናዎች የሠለጠነ ቤተ ሙከራና ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቁ ከመሆናቸውም በላይ፣ የሚያስገኙት ቆዳ አያልብም፤ ስለዚህ ሰፊ ገላቸው በዚህ የተሸፈነ ሰዎች ሙቀት ይከብዳቸዋል። ተስፋ የሚሰጥ ፍንጭ የመጣው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳተሙት፣ ለዓይን ሕመም የሚያገለግለው ቨርቴፖርፊን የተባለ መድኃኒት፣ ፋይብሮብላስቶች የቆዳን መወጠር ተረድተው ጠባሳ እንዲሠሩ የሚያዝዛቸውን መልእክት ሲገታ፣ በአይጦች ቁስል ላይ ጸጉርና ዕጢዎች ያሉት ቆዳ ተመልሶ በቅሏል። የአይጥ ቆዳ ግን ልል ሆኖ ባመዛኙ በመኮማተር የሚዘጋ ሲሆን፣ የሰው ቆዳ ከሥሩ ጋር ጠብቆ የተያያዘና በዚህ ረገድ ለአሳማ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ሰው ማሻገር አይቻልም።