ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋ ካርታ

በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ዳር ቆማችሁ፣ የሞባይላችሁን ስክሪን በመዳፋችሁ ጋርዳችሁ «ማነው የሚደውለው?» ብላችሁ አታውቁም? መቼም ሁላችንም አድርገነዋል። ዓይን ጨፈን፣ አንገት ጎንበስ፣ ከዚያ ጥላ ፍለጋ ወደ ሱቅ በረንዳ ጠጋ! ስልኩ አልተበላሸም፤ ፀሐይዋ ናት የበለጠችው።

እስቲ ይህችኑ ጣጣ ወደ ሰማይ እንውሰዳት። ባለ አራት መቀመጫ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ናችሁ። ከመሬት 3000 ጫማ ከፍ ብላችሁ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ትከንፋላችሁ። ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳያችሁ የጂፒኤስ ካርታ ፊት ለፊታችሁ ተሰቅሏል። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲዞር ፀሐይ በጎን መስኮት ገባችና ካርታው እልም አለ! እዚያ ላይ ደግሞ የሚጠጉበት የሱቅ በረንዳ የለም።

የላብ ገንዘብ ነው

«ይህ እኛን ምን ያገባናል?» የምትሉ አትጠፉም። አሜሪካ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ማብረር የከበርቴ ልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በየከተማው ዳር ትንንሽ ኤርፖርቶች አሉ፤ ሴስና 172 በሰዓት እየተከራዩ ከአስተማሪ ጋር ይማሩበታል። ሕጉ ለግል አብራሪነት ፈቃድ በትንሹ 40 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ አብዛኛው ሰው ግን ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ከሐበሻ ልጆችም ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ሠርተው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኤርፖርት የሚሮጡ አሉ።

በኪራይ አውሮፕላን የሚማር ልጅ ብዙ ጊዜ የራሱን የጂፒኤስ ስክሪን ይዞ ነው የሚገባው። ሻጩም ይህንን አሳምሮ ያውቃል! ለበረራ ተብሎ የተሠራው ባለ 7 ኢንች ጋርሚን ኤራ 760 እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 1599 ዶላር ነበር። ይህ ለተማሪ የብዙ ሰዓት የአውሮፕላን ኪራይ ማለት ነው። ስለዚህ ተሳስቶ መግዛት ኪስን ብቻ አይጎዳም፤ ትምህርቱንም ያስተጓጉላል።

ነጩ ሸሚዝ ያመጣው ጣጣ

ስክሪን ፀሐይ ላይ ለምን ይጠፋል? ነገሩ ቀላል ነው። ቢሮ ውስጥ ያለው ብርሃን ወደ 500 ሉክስ ቢሆን፣ የጠራራ ፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። 200 እጥፍ መሆኑ ነው! ሱቅ ውስጥ ቦግ ብሎ ያማለላችሁ ስክሪን ውጭ ሲወጣ ቢሞት አይገርምም።

የስክሪን ድምቀት የሚለካው በኒት ነው። ብዙው ታብሌት 500 ኒት ገደማ ያወጣል። በሌላ በኩል ፀሐይ በቀጥታ ያረፈችበት ነጭ ሸሚዝ ወደ 25,000 ኒት ያበራል። ምንም ያልተቀባ መስታወት ከአንዱ ገጹ ብቻ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶውን መልሶ ያንፀባርቃል። የ25,000 አራት በመቶ ስንት ነው? 1000! እንግዲህ ካርታው 500 ኒት ያበራል፤ በመስታወቱ ላይ የሚታየው የሸሚዛችሁ ጥላ ደግሞ 1000 ኒት። የምታነቡት ካርታውን ሳይሆን ሸሚዛችሁን ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የነፃ ምክር እንስጣችሁ። ብዙ የበረራ ተማሪ ነጭ ሸሚዝ ይወዳል፤ ትከሻው ላይ መለዮ ጣል ሲደረግበት ደግሞ ፎቶ ላይ ያምራል። ለፎቶው ይሁን! ለበረራው ግን፣ ትምህርት ቤቱ ካላስገደዳችሁ በቀር፣ ጠቆር ያለ ነገር ልበሱ። ሳንቲም ሳታወጡ ካርታችሁ ይመለስላችኋል።

«ስንት ኒት ነው?» ብቻ አትበሉ

ሻጭ የሚወዳት ቁጥር ኒት ናት። «ይሄ 1000 ኒት ነው፣ ለፀሐይ የተሠራ ነው» ይላችኋል። እውነት ነው፣ 1000 ኒት ከ500 ይሻላል። ግን እናስላው። የሸሚዙ ነፀብራቅ 1000 ኒት ከሆነ፣ 500 ኒት ባለው ስክሪን ላይ ነጩ ቦታ ከጥቁሩ የሚበልጠው በአንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ስክሪኑን 1000 ኒት ብታደርጉት ሁለት እጥፍ ይሆናል። አሁን ደግሞ ድምቀቱን እዚያው 500 ላይ ተዉትና ነፀብራቁን ከ4 በመቶ ወደ 1 በመቶ አውርዱት። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል! አያችሁ? ነፀብራቅ የሚቀንስ ስክሪን፣ እጥፍ ከሚያበራው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መስታወቱ ነፀብራቅ የሚቀንስ ቅብ አለው ወይ? ሁለተኛ፣ የላይኛው መስታወትና ከሥሩ ያለው ስክሪን ተጣብቀዋል ወይስ በመሀከላቸው አየር አለ? አየር ካለ የሚያንፀባርቀው ገጽ ይበዛል።

ምሳሌ ካስፈለገ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ርካሹ አይፓድና በ2021 የወጣው አይፓድ ሚኒ ሁለቱም ወረቀታቸው ላይ 500 ኒት ይላል። ይሁንና ሚኒው መስታወቱ የተጣበቀና ቅብ ያለው ነው፤ ርካሹ ግን ሁለቱም የሉትም። ቁጥሩ አንድ፣ ፀሐይ ላይ ግን ለየቅል!

ሌላም አይነት አለ። አንዳንድ የእጅ ጂፒኤሶች የፀሐይዋን ብርሃን ራሱን ተጠቅመው ከኋላ እያንፀባረቁ የሚያሳዩ ስክሪኖች አሏቸው። ፀሐይ በበረታች ቁጥር እነሱም ይጎላሉ፤ ባትሪም አይጨርሱም። ቀለማቸው ግን ቤት ውስጥ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ ያያቸው ሰው «አሮጌ ነገር» ብሎ ያልፋቸዋል።

አውሮፕላኑም ለውጥ አለው። እንደ ሴስና 172 ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ትንሽ ጥላ ይሰጣል። እንደ ፓይፐር ቸሮኪ ክንፉ ከታች ሲሆን ፀሐይ ከላይ እንደልቧ ትገባለች። ዳይመንድ ዲኤ 40 ደግሞ ጣሪያው ራሱ መስታወት ነው ማለት ይቻላል!

ሙቀት የገደለው ስክሪን

ፀሐይ ማደብዘዝ ብቻ አይደለም ሥራዋ፤ ታቃጥላለች። አፕል አይፓድን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል። በበጋ ቴክሳስ ሜዳ ላይ ቆሞ የዋለ አውሮፕላን ውስጥ ግን 35 ዲግሪ ምን አላት? ታብሌቱ ሲግል መጀመሪያ ድምቀቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ከባሰበት «ልቀዝቅዝ» የሚል ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ሥራ ያቆማል። ያውም በጣም በምትፈልጉት ሰዓት!

መፍትሔው ታብሌቱን ከመነሳታችሁ በፊት ፀሐይ ላይ አለመተው፣ ጀርባውን በወፍራም ሽፋን አለማፈን፣ ከተቻለ የአየር ማስገቢያው የሚደርስበት ቦታ ማድረግና በጣም ሲሞቅ ቻርጅ አለማድረግ ነው። ለበረራ ብቻ የተሠሩት ጂፒኤሶች ከዚህ የበለጠ ሙቀት እንዲችሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የዋጋቸው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

መነፅራችሁን አትርሱ

አንዳንዱ ሰው ስክሪኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ጠፋብኝ» ይላል። ጥፋቱ የመነፅሩ ነው። ፖላራይዝድ የሚባለው የፀሐይ መነፅር ለመኪናና ለዓሣ አጥማጅ ግሩም ነው፤ አንዳንድ ስክሪን ላይ ግን በሆነ አቅጣጫ ሲያዩበት ድቅድቅ ጨለማ ያደርገዋል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪየሽን አስተዳደርም ይህን መነፅር ለአብራሪዎች አይመክርም። መሣሪያዎችን ሊያጠፋ ይችላል፤ በዚያ ላይ ከሌላ አውሮፕላን ክንፍ ላይ ብልጭ የሚለውንና «ሰው መጣ» የሚያሰኘውን ብርሃን ሊሸሽግ ይችላል። ተራ ጠቆር ያለ መነፅር ይበቃል።

የት ይሰቀላል?

አንዱ መሪው ላይ ያስረዋል፣ አንዱ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ አንዱ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። መሪው ላይ ካሰራችሁት ሞተር ሳትነኩ መሪውን እስከ መጨረሻው ግፉት፣ ሳቡት፣ አዙሩት። ሽቦው ወይም ማቀፊያው ትንሽ እንኳ ካገደው ያንን ስክሪን ባይኖራችሁ ይሻላል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው ሙቀት ሲበዛበት ሊወድቅ ይችላል፤ እይታንም ይጋርዳል። ማግኔት ያለበት ታብሌትና ሽፋን ደግሞ ኮምፓስ አጠገብ ከሆነ ኮምፓሱን ያሳስታል። ጭን ላይ ያለው ጥላ ያገኛል፤ ግን አንገት ያስደፋል።

አሥራ ሁለት ሰከንድ ተኩል

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። በጥሩ አየር የሚበር አብራሪ ግጭትን የሚያመልጠው በዓይኑ ነው፤ ሕጉም «አይተህ ራቅ» ይላል። የአሜሪካ አቪየሽን አስተዳደር መመሪያ ሌላ አውሮፕላን ከማየት ጀምሮ አውሮፕላናችሁ አቅጣጫ እስኪለውጥ ድረስ 12.5 ሰከንድ ይፈጃል ይላል። ሁለት አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢመጡ በዚያች ጊዜ ወደ 1400 ሜትር ይቀራረባሉ። እናንተ የደበዘዘ ካርታ ላይ አፍጥጣችሁ «ይሄ ወንዝ ነው ወይስ መንገድ?» ስትሉ ያቺ 1400 ሜትር አለቀች።

ስለዚህ ጥሩ ስክሪን ማለት የሚያምረው ሳይሆን ገረፍ አድርጋችሁ አይታችሁ ዓይናችሁን ወደ ውጭ የምትመልሱበት ነው። በሁለት ሰከንድ ካልተነበበ አይሆንም። በጣም የሚያምር ሆኖ እንደ ፊልም ካፈዘዛችሁም ያው ነው!

ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ

1. ሱቁ ውስጥ አትወስኑ። አስፈቅዳችሁ ስክሪኑን በቀትር ወደ መኪና ማቆሚያው አውጡት። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ ነጭ ልብስ ለብሳችሁ፣ በእጅ ርዝመት ያዙት። ትንሿ ፊደል ትነበባለች?

2. የምታበሩበትን መነፅር አድርጉና ስክሪኑን ቀጥ አድርጋችሁም በጎኑም እዩት።

3. ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጉት። ቀን የሚያበራ ስክሪን ማታ ካልደበዘዘ ዓይን ያጠፋል፤ ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተበላሸ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል።

4. ባትሪው በሙሉ ድምቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሌም በሙሉ ድምቀት የተለካ አይደለም።

5. አይፓድ ከሆነ የሲም ካርድ አገልግሎት ያለውን ሞዴል ምረጡ። ዋይፋይ ብቻ ያለው በውስጡ ጂፒኤስ የለውም፤ ሌላ መቀበያ ልትገዙለት ነው። የስልክ ኮንትራት መክፈል ግን አያስፈልግም።

6. ከሁሉም በላይ፣ ከአስተማሪያችሁ ወይም ከጓደኛ ተውሳችሁ አንድ በረራ ሞክሩት። የአንድ ሰዓት ሙከራ ከአሥር ሻጭ ይበልጣል።

ሌላም ነገር አትዘንጉ። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ለጥሩ አየር ረዳት ነው እንጂ፣ ደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ሕጉ የሚጠይቀውን የተፈቀደና በአውሮፕላኑ ላይ የተገጠመ መሣሪያ አይተካም። የበረራ መረጃውም በየ28 ቀኑ ይታደሳል፤ አሮጌ ካርታ ቢያበራም ሊያሳስት ይችላል።

ገንዘቡ ባይሞላስ? ቅብ ያለው መለስተኛ ታብሌት፣ ጠቆር ያለ ሸሚዝ፣ ፖላራይዝድ ያልሆነ መነፅርና የወረቀት ካርታ ይዛችሁ ተማሩ። የተረፈውን ብር የበረራ ሰዓት ግዙበት። ስክሪኑ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም፤ ያን ቀን ኮምፓስ አይቶ፣ መንገዱንና ሐይቁን ከካርታው ጋር አመሳክሮ ወደ ሜዳው የሚመለስ ልጅ ስክሪን ሳይሆን ልምምድ የገዛው ነው። ቤት ቁጭ ብላ የምትጠብቅ እናትም ስለ ኒቱ አይደለም የምትጠይቀው፤ «ደህና ገባህልኝ?» ነው የምትለው።

መልካም በረራ!