አገሮች የሰብዓዊ መብት ስምምነቶችን የሚያጸድቁበት ምክንያት

ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብት ስምምነት አንድ መንግሥት በግዛቱ ባሉ ሰዎች ላይ ምን ማድረግ እንደሌለበት ለሌሎች መንግሥታት ቃል የሚገባበት ውል ነው። የንግድ ውል ያፈረሰ አገር ከሌሎቹ ተዋዋዮች አጸፋ ይገጥመዋል። የራሱን እስረኛ የሚያሰቃይ መንግሥት ግን ጎረቤቱን በቀጥታ ስለማይጎዳ አጸፋው እምብዛም አይመጣም። ታዲያ በገዛ ፈቃዱ ራሱን በውል የሚያስረው ለምንድን ነው?

ቀላሉ መልስ እምነት ነው፤ መብትን ቀድሞም የሚያከብር አገር ቢፈርም ብዙ አይከብደውም። ይህ ግን ሁሉንም አያስረዳም። ዩናይትድ ስቴትስ የሕጻናት መብቶች ስምምነትን በ1995 እ.ኤ.አ. ብትፈርምም አላጸደቀችውም፤ ለማጽደቅ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋልና። አንድሩ ሞራቭሲክ የተባለው ምሁር በበኩሉ የ1950ውን የአውሮፓ ስምምነት ድርድር መርምሮ፣ አስገዳጅ ሥርዓት እንዲኖር አጥብቀው የደገፉት የቆዩት ዴሞክራሲዎች ሳይሆኑ አዲሶቹ እንደነበሩ አሳይቷል። እነዚህ መንግሥታት የሚፈሩት ከእነሱ በኋላ የሚመጣውን አምባገነን ነበር። ጥቅምም አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ለአንዳንድ ታዳጊ አገሮች የሚሰጠው ልዩ የቀረጥ ቅናሽ 27 ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ማጽደቅን ይጠይቃል።

ከሁሉ የሚያስገርሙት አምባገነኖች ናቸው። ብዙዎቹ የሚፈርሙት ለስም ነው፤ የሚያስገድዳቸው ዳኛ በአገራቸው እንደሌለ ያውቃሉ። የቺሊው ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ መንግሥት ማሰቃየትን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው በመስከረም 1988 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የሥልጣን ዘመኑን ለማራዘም የተጠራው ሕዝበ ውሳኔ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በድምፁ ተሸነፈ። ከ10 ዓመት በኋላ ለሕክምና ለንደን ሳለ በስፔን ዳኛ ጥያቄ ተያዘ። የብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞችም በ1999 የቀድሞ ርእሰ ብሔርነቱ ከማሰቃየት ክስ እንደማያድነው የወሰኑት በዚያው ስምምነት ላይ ተመሥርተው ነው፤ ስምምነቱ ከመጽናቱ በፊት የተፈጸመው አብዛኛው ግፍ ግን ከክሱ ውጭ ቀረ። በመጨረሻ በጤና ምክንያት ተብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ኢትዮጵያ የሕጻናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። የደርግ መንግሥት ወደቀ፤ ውሉ ግን የአገሪቱ ስለሆነ ቀጣዩን መንግሥት አሰረ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸውን ስምምነቶች የሕጓ አካል ስላደረጋቸው፣ ጠበቃ በፍርድ ቤት ሊጠቅሳቸው ይችላል።