መራመድና የደም ሥር ጤና



በምዕራብ ጎጃም ገጠር ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው፥ ሚስቱም እህሏን አዝላ ወደ ገበያ ሲሄዱ፥ ስለ ጤና ብለው አይራመዱም፤ ኑሯቸው ያራምዳቸዋል። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ የሚኖር የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን አጭሩን መንገድ እንኳ በባጃጅ ሄዶ፥ እስከ ማታ ከወንበሩ ሳይነሣ ሊውል ይችላል። ይህ ልማድ የደም ሥርን እንዴት እንደሚጎዳ በአጭሩ እንገልጻለን።

የደም ሥር እንደ ጎማ ቱቦ ያለ ግዑዝ ነገር አይደለም፤ ውስጡ እጅግ ስስ በሆነ ሕያው ገበር የተሸፈነ ነው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ደሙ በርትቶ ይፈስሳል፤ ገበሩም በዚህ ፍሰት ሲነካ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ጋዙ የደም ሥሩን ጡንቻ ስለሚያላላው መተላለፊያው ይሰፋል። ይህን የጋዝ ሥራ የገለጹት ፈርችጎት፥ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው ነገር ብግነት ነው። እሾህ የወጋው እግር ቀልቶ የሚያብጠው ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው። ይኸው ብግነት ሳይሰማ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት የቆየ እንደ ሆነ ግን፥ ከሚጠራቀመው ስብ ጋር ሆኖ መተላለፊያውን ያጠብበዋል፤ ፍጻሜውም ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ከምልክቶቹ አንዱ ጉበት የሚሠራው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። አዘውትሮ በሚንቀሳቀስ ሰው ዘንድ ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ውፍረትም አብሮ ሲቀንስ ይበልጥ ይወርዳል።

በ1953 እ.ኤ.አ. ዶክተር ጄሪ ሞሪስ ያወጡት ጥናት ለእኛ ትምህርት ይሆናል። በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች፥ ተቀምጦ ከሚነዳው ሾፌር ይልቅ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ቲኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ በልብ ሕመም የሚጠቃው ያነሰ ነበር። ደብዳቤ የሚያድለው ፖስተኛም እንዲሁ ከጠረጴዛ ሠራተኛው ተሽሎ ተገኘ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህም በአምስት ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ነው። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳና ለእግረኛ መከፈቱም መልካም ማሳሰቢያ ነበር። ጥቅሙ ግን ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለም፤ መራመድ ሲቀር እርሱም እየቀረ ይሄዳል።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሲራመዱ ደረትዎን የሚያምዎ ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ጤነኛ ከሆኑ ግን የባጃጁን ሒሳብ በኪስዎ ይዘው ነገ ጧት ወደ ቢሮዎ በእግርዎ ይሂዱ።