ከልብ ውጭ ነው የተባለው ድምፅ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጆሃንስበርግ ይሠራ የነበረውን የልብ ሐኪም ጆን ባርሎውን አንድ ድምፅ እረፍት ነሳው። የአንዳንድ ታካሚዎቹን ደረት ሲያዳምጥ፣ በሁለቱ የታወቁ የልብ ድምፆች መካከል «ጠቅ» የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው ቀጭን ሹሹታ ይከተለዋል። ድምፁ አዲስ አልነበረም፤ የፈረንሳይ ሐኪሞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መዝግበውታል። ችግሩ ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ሐኪም ጋላቫርደን ድምፁ የሚመጣው ከልብ ውጭ፣ የልብና የሳንባ ሽፋኖች ከመጣበቃቸው ነው ማለቱ ነበር። ሐኪሞችም ለአሥርተ ዓመታት «ምንም አይደል» እያሉ አለፉት።

ይህ ድምፅ አንድ ጠባይ አለው፤ ዛሬም ማንኛውም ሐኪም ታካሚው አጠገብ ሆኖ ሊፈትሸው ይችላል። ቁጢጥ ያለ ሰው ብድግ ሲል «ጠቅታው» ቀድሞ ይመጣል፤ ተመልሶ ቁጢጥ ሲል ይዘገያል። ሲቆሙ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፣ የግራው የታችኛው ክፍል ይጠብባል፤ ስለዚህ በላይኛውና በታችኛው የግራ ክፍል መካከል ያለው የማይትራል ቫልቭ ላላ ካለ ቶሎ ወደ ላይኛው ክፍል ይለጠጣል። ከውጭ የተጣበቀ ሽፋን እንዲህ ሊታዘዝ አይችልም።

ባርሎውና ባልደረቦቹ በ1963 ማስረጃውን በዓይን አሳዩ። ቀለም ወደ ልብ ክፍል ከተው በኤክስሬይ ፊልም ሲቀርጹ፣ ደሙ በቫልቩ በኩል ወደ ኋላ ሲፈስ ታየ። ድምፁ የልቡ የራሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሐኪም ክራይሊ ለቫልቩ መለጠጥ «የማይትራል ቫልቭ ፕሮላፕስ» የሚለውን ስም ሰጠ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ያሳዝነኛል። የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ሲስፋፋ ፕሮላፕስ በየቦታው መገኘት ጀመረ። በአንዳንድ ጥናቶች ከአሥር ጤነኛ ወጣት ሴቶች አንዷ ወይም ሁለቷ አለባቸው ተባለ። ልቡ ቶሎ ቶሎ የሚመታ፣ የሚጨነቅ፣ የሚደክመው ሁሉ ምክንያቱ ቫልቩ ሆነ። ስንቱ ጤነኛ ሰው የልብ በሽተኛ ነኝ ብሎ ዕድሜውን በስጋት አሳለፈ!

መፍትሔው የመጣው ከቅርጽ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ ሮበርት ሌቪንና ባልደረቦቹ ቫልቩ የተያያዘበት ቀለበት ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ኮርቻ ከፍና ዝቅ ያለ መሆኑን አሳዩ። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲታይ ጤነኛ ቫልቭም የቀለበቱን መስመር አልፎ ወደ ላይኛው ክፍል የተለጠጠ ይመስላል። የምርመራው መለኪያ ተስተካክሎ በአሜሪካ በፍራሚንግሃም 3,491 ሰዎች ሲመረመሩ ፕሮላፕስ የተገኘባቸው 84 ብቻ ነበሩ፤ 2.4 በመቶ። በ1999 በወጣው በዚህ ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ከሌላው የበለጠ አልታየባቸውም።

ለዚህም ነው ቀላል ፕሮላፕስ ያለበት ሰው ዐርፎ ተቀምጦ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ ሲመታ፣ ሁሉንም በቫልቩ ማሳበብ ተገቢ ያልሆነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ፣ የውኃ እጥረት፣ ትኩሳት፣ ቡና፣ ጭንቀት መታየት አለባቸው። ራስን መሳት ወይም በቤተሰብ ድንገተኛ ሞት ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

እኛ አገር «ቫልቭ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በቶንሲል የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። እሱ ቫልቩን ያወፍራል፣ ያጠባል፤ ፕሮላፕስ ያለበት ቫልቭ ግን የላላ ነው። በየወሩ የሚወጋው ፔኒሲሊን ለሩማቲኩ እንጂ ለዚህኛው አይደለም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ይሰጥ የነበረውንም ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 ፕሮላፕስ ብቻ ላለባቸው አስቀርቶታል። በቫልቩ በኩል ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ትንሽ ለሆነ ሰው በአብዛኛው የሚታዘዘው በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ኢኮ መነሣት ነው።