የፋሲል ግቢ ያልተቆጠረው ደንበኛ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል ከጎንደር ነጋዴ አብልጦ የሚወደው ያለ አይመስልም። ጥር 11 ሲቃረብ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቡና የምታፈላው፣ አልጋ አከራዩና ባለ ባጃጁ ሁሉም ሥራ ያገኛሉ። አባት ለልጆቹ አዲስ ልብስ ይገዛል፤ ወጣቱ በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ያነጥፋል፤ ጠበሉ ከተባረከ በኋላም ከቀሃ ወንዝ በተሞላው የአፄ ፋሲል መዋኛ ውስጥ ይዘላል። ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ቢያሰፍረውም፣ የገበያው ዋና ደንበኛ ያኔም ዛሬም ቤተሰብ ነው። ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ ግን ገበያውም አብሮ ወደ ቤቱ ይገባል።

ለመሆኑ ይህ ደንበኛ በቀሩት ወራት የት ይገኛል? ጥያቄው የሚያመራው ወደ ፋሲል ግቢ ነው። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ከተማ መለያ የሆነው ይህ ግቢ 900 ሜትር በሚረዝም አጥር የተከበበ ሲሆን፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ የቱሪዝም ሒሳብ በአመዛኙ የተሠራው በውጭ አገር ጎብኚ ላይ ነው። ከፍ ያለውን የመግቢያ ዋጋ የሚከፍለው፣ አስጎብኚ የሚቀጥረውና ሆቴል የሚያድረው እሱ ነውና ሒሳቡ ያለ ምክንያት አልተሠራም።

ነገር ግን በአንድ ደንበኛ ላይ የቆመ ገበያ ደንበኛው ሲቀር ይወድቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ መጣ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ቀጠለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ። ጉዳቱ የደረሰው በሆቴሎች ላይ ብቻ አይደለም። የከተማው አስጎብኚ፣ በደባርቅ በቅሎ የሚያከራየው ገበሬና የወለቃዋ ሸክላ ሠሪም የጉዳቱ ተካፋይ ናቸው።

የአንድ ሕፃን መግቢያ ስንት ያስወጣል?

የምጣኔ ሀብት ትምህርት እዚህ ላይ ጠቃሚ ነገር ይናገራል። ጎብኚ ኖረም አልኖረም የግቢው ጥበቃ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ድንጋዩም ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ሕፃን ከእናቱ ጋር ቢገባ የሚጨምረው ወጪ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ሕፃኑ ግን ብቻውን አይመጣም። ቤተሰቡ ለቡና፣ ለቆሎ፣ ለፎቶግራፍና ለባጃጅ ይከፍላል። ከሁሉም በላይ የዛሬው ሕፃን የነገ ከፋይ ነው።

ይህን ስሌት ሌሎች አገሮች ከተረዱት ቆይተዋል። በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን የእስያ ኪነ ጥበብ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ዕቃዎቹን ካዩ በኋላ በእጃቸው አንድ ነገር የሚሠሩባቸውን ፕሮግራሞችም ያዘጋጃል። የእስያን ሸክላ ከመስታወት ጀርባ ብቻ የሚያይ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል፤ ጭቃውን የነካው ግን አይረሳውም።

ጎንደር ለዚህ የሚሆን አስተማሪ ከሩቅ መጥራት አያስፈልጋትም። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ወለቃ የሸክላ መንደር ናት። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ቢሄዱም፣ ሙያው በመንደሯ በቀሩት ሴቶች እጅ ቆይቷል። ጭቃውን አቡክተው፣ ያለ መንኮራኩር በእጃቸው ቀርጸውና አለስልሰው በእሳት ይተኩሱታል። እንስራቸውን ጀሪካን፣ ድስታቸውን ብረት ድስት ቀምቷቸዋል። ለጎብኚ የሚሠሩት አንበሳና የዳዊት ኮከብ ያለበት ቅርጽም ገዥው ሲጠፋ ከመደርደሪያ አይነሳም።

በመሆኑም ሸክላ ሠሪዋ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሙያም መሸጥ ይኖርባታል። በሳምንት አንድ ቀን በግቢው ክፍት ቦታ ላይ ለከተማ ልጆች ጭቃ ማቡካት ብታስተምር፣ የሚያስፈልገው ወጪ የእሷ የቀን ክፍያ፣ አፈርና ውኃ ነው። ትርፉ ደግሞ በብር ብቻ አይለካም። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ምርቱ ተፈልጎ አምራቹ ሲናቅ ሙያውን የሚወርስ ልጅ ይጠፋል። ከእጇ የተማረ የከተማ ልጅ ግን ንቀቱን መድገም ይከብደዋል።

በስሜን ተራሮች ያለው ሁኔታ ሌላ ገጽታ አለው። በዚያ ልጆች ከባህሉ ገበያ ውጭ አይደሉም። እረኞች የሳር ስፌትና የሱፍ ቆብ ይዘው መኪና ሲጠብቁ ይታያሉ። መኪና የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አልገባም ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ደጋው የሚፈልገው ሙያው በትምህርት ሰዓት በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጥበትን፣ ሽያጩም በወላጆች ማኅበር በኩል የሚካሄድበትን መንገድ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሐሳቡ ገደብ አለው። ግቢው በቅርብ ዓመታት እድሳት ቢደረግለትም ድንጋዩ ዕድሜ ጠገብ በመሆኑ ሕፃናት እንደ ኳስ ሜዳ ሊሮጡበት አይገባም። በአውቶቡስ መጥቶ፣ በአንድ ሰዓት ዞሮ የሚመለስ የተማሪ ጉብኝትም ትምህርት ነው ለማለት ያስቸግራል። አነስተኛ ቡድን፣ የሠለጠነ አስጎብኚና የታወቀ ቀን ያስፈልጋል። ሥራ ያጡ አስጎብኚዎች በከተማው አሉ፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ሊያግዙ ይችላሉ።

ሰላም ከሌለ ሩቅ ያለ ጎብኚ አይመጣም፤ ይህን የሚተካ ፕሮግራም የለም። የጎንደር ልጅ ግን አውሮፕላን አይጠብቅም፤ ከቤቱ እስከ ግቢው በእግሩ ይደርሳል። ሌላው ገበያ እስኪመለስ ድረስ በሩን ለእሱ ከፍቶ መጠበቅ ከኪሳራ ሒሳብ የሚገባ ወጪ አይደለም።