የጎረቤት ውሻ፣ “ምን አገባኝ” ይባላል?

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ እዚህ አዲ አርቃይ አጥር ሥር ታስሮ፣ አጥንቱ እስኪቆጠር ከስቶ፣ ውኃ እንኳ የሚሰጠው ያጣ ውሻ ስናይ፣ “የጎረቤት ነው፣ ምን አገባኝ?” ብለን እናልፋለን። ምሳሌ 12፥10 ግን ለእንስሳ መራራትን የጻድቅ ሰው ጠባይ ያደርገዋል።

ደግሞም ልብ በሉ፦ የተራበ ውሻ ገመዱን በጥሶ ምግብ ፍለጋ ይዞራል። ካልተከተበና የእብድ ውሻ በሽታ ከያዘው፣ በሽታው በለሃጩ ወደ ልጆቻችንና ወደ ከብቶቻችን ይተላለፋል። በስሜን ተራሮች ያለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም አይተርፍም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ጎረቤታችንን በሰው ፊት አንውቀስ። ቤቱ ገብተን፣ “ጋሼ፣ ውሻውን አብረን እናስከትበው፤ ውኃውን ልጆቼ ያቀርቡለታል” እንበለው።

ውሻ የነከሰው ሰው ካለ፣ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። እንጸልይ፤ ግን ክትባቱን አናዘግይ። ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።