ድመቷ ተኝታ እኛ ስለ ምን እናነጋለን?

ርእሱን ያነበበ ሰው ፈገግ ቢል አንቀየምም። ፈተና በደረሰበት፣ የቤት ኪራይም በከበደበት ጊዜ ስለ ድመት ጤና መጻፍ የቅንጦት ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ ባለፈው መንፈቅ ዓመት ከመካከላችን አንዱ ለድመቱ ሲጨነቅ ሌሊቱን እያነጋ ሁለት ፈተና አመለጠው፤ ለወር ቀለብ ከቤተ ሰቡ የተላከለትንም ገንዘብ ግማሹን ድመቷን ወደ ሐኪም በማመላለስ ጨረሰው። ድመቷ ግን ምንም አልሆነችም ነበር። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና፣ ይህን ያየን እኛ ጉዳዩን ከሥሩ መርምረን ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ጅማ ውስጥ ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ድመት የምናስገባው አስቀድሞ ለአይጥ ነው። ዝናቡ ሲበረታ አይጥ ከየጎተራውና ከየጆንያው እየወጣ ዳቧችንንም ደብተራችንንም ይበላል። ድመቷ ይህን ሥራዋን ፈጽማ ስታበቃ ከእግራችን ሥር ትጠቀለላለች፤ ስምም ይወጣላታል። የእኛይቱን ውሮ እንላታለን። አከራያችን አዴ ግን በኦሮምኛ «አዱሬ» እያሉ ይጠሯታል፤ እርሷም ለሁለቱም ትመጣለች። አንድ ማታ ውሮ አስመለሳት። ከዚያች ማታ ጀምሮ ጓደኛችን የእጅ ስልኩን መብራት እያበራ አተነፋፈሷን ይቆጥር፣ አፍንጫዋን ይዳስስ፣ ድዷንም ይገልጥ ጀመር። አንድ ጥዋት አዴ አቦሉን ሲቀዱ አዩትና «ልጄ፣ ድመቷስ ተኝታ ታድራለች፤ አንተ ግን ከሳህ። ለመሆኑ የታመመው ማን ነው?» አሉት። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ለድመት ማዘን ከውጭ አገር የመጣ ልማድ ነው የሚሉ አሉ። ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ የተባለው ለድመት ባለው ፍቅር መሆኑን የጅማ ሕዝብ ያውቃል፤ የስሙም ትርጉም «የድመት ግልገል አባት» ማለት ነው። አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላሙ የታመመችበት ገበሬ እንቅልፍ ቢያጣ ማንም አይስቅበትም። እኛ ደግሞ ከእናት ከአባት የራቅን ነን፤ ከእጃችን የምትበላ አንዲት ነፍስ ብትኖር እርሷ ድመቷ ናት። የት ላይ እንደሚያማት መናገር የማትችል በመሆንዋም ሐሳባችን ባዶውን ቦታ በፍርሃት ይሞላዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ከፍቅሩ አይደለም።

ጥፋቱ ያለው እንክብካቤንና ሥጋትን አንድ አድርጎ ከማየት ላይ ነው። እንክብካቤ «ዛሬ ምን ላድርግላት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለዚህም ጥያቄ መልስ አለው፤ ውሃ ትለውጣለህ፣ ታበላለህ፣ ታስከትባለህ፣ ከዚያም ወደ ሥራህ ትሄዳለህ። ሥጋት ግን «ነገ ብትታመምስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በማንም ሐኪም ዘንድ መልስ የለውም፤ መልስ ስለሌለውም አያልቅም።

የማያልቅበትንም ምክንያት የሥነ ልቡና ምሁራን መርምረውታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1986 ፖል ሳልኮቭስኪስና ሂላሪ ዋርዊክ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ስለ ራሳቸው ጤና ከመጠን በላይ የሚሠጉ ሰዎችን ሁኔታ ሲገልጹ፣ እነዚህ ሰዎች ደጋግመው ገላቸውን መመርመራቸውና «ደኅና ነህ» እንዲባሉ መጠየቃቸው ራሱ ሥጋቱን እንደሚያኖረው አስረድተዋል። ለድመትም ሲሆን መንገዱ ያው ነው። ጓደኛችን አተነፋፈሷን ቆጥሮ ልኩን ሲያገኝ ልቡ ያርፋል፤ ዕረፍቱ ግን ከሩብ ሰዓት አያልፍም። «ምናልባት ተሳስቼ ቆጥሬ ይሆን?» ይልና እንደገና ይነሣል። በቆጠረ ቁጥር ልቡ የሚማረው «ድመቷ ደኅና ናት» የሚለውን ሳይሆን «ካልቆጠርሁ ደኅና አትሆንም» የሚለውን ነው። ሥጋት እንደ አበዳሪ ነው፤ የዛሬውን ስንከፍለው ነገ ወለዱን ጨምሮ ይመጣል።

አባቶቻችን «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብለዋል። ተረቱ ፍርሃት በሽታን አያስቀርም ማለቱ ከሆነ እንስማማለን። መፍራት ነገሩን ይጠራዋል ማለቱ ከሆነ ግን አንቀበለውም፤ በሽታም ፍርሃታችንን ሰምቶ አይመጣም፣ ነቅተን በማደራችንም አይመለስም።

ለዚህ ምሳሌ ከአገራችን ቡና እናምጣ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ ከነግንዱ ላይ እያለ የሚያጠቁር፣ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው። የጅማና የአካባቢው ገበሬ የፈራው በከንቱ አልነበረም፤ ኑሮው ነውና። ነገር ግን ገበሬው ሌሊት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ፍሬውን ሲቆጥር ቢያድር ኖሮ በሽታው ከመንገዱ አይመለስም ነበር። ከጅማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሥጋቱን መልስ ወዳለው ጥያቄ ለወጠው፤ «በታመመው መካከል ሳይታመም የቆመው ዛፍ የትኛው ነው?» ብሎ ፈለገ። 74110ና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች በ1974 ከተመረጡት እናት ዛፎች የተገኙ ናቸው፤ በስማቸው መጀመሪያ ያለው 74 ይህንኑ ዓመት ያመለክታል። እኛም ለድመታችን ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው፤ መልስ ያለውን ጥያቄ ለይተን መልስ የሌለውን መተው።

መልስ ካላቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ደኅና ድመት ምን ትመስላለች?» የሚለው ነው። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ያህል ትተኛለች፤ እንቅልፍ ማብዛቷ ብቻውን በሽታ አይደለም። ተኝታ ሳለች በአንድ ደቂቃ የምትተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 በታች ነው። የገላዋ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ስለሚደርስ ለእጃችን የምታተኩስ ትመስላለች እንጂ ትኩሳት ላይኖርባት ይችላል። የአፍንጫዋ መድረቅ ወይም መርጠብ የጤና መለኪያ አይደለም። ጠጉሯን ስትልስ የዋጠችውን አልፎ አልፎ ታስመልሳለች፤ ሣርም ትበላለች። ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት ስለማይስማማቸው የቸርነታችን ዋጋ ተቅማጥ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ልነሣ?» ነው። አንድ ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰች ድመት ለሐኪም ትታይ፤ ድመት ብዙ ቀን ስትጾም ጉበቷ ይጎዳልና። አፏን ከፍታ የምታለከልክ፣ ደጋግማ የምታስመልስ፣ መቆም ያቃታት ድመት ሳይዋል ሳይታደር ትወሰድ። በተለይ ወንዱ ድመት ለመሽናት እያማጠ ሽንት ካልወጣው ሰዓታት እንኳ ዋጋ አላቸው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከቤቴ ውስጥ የሚገድላት ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ከቡና አገር በመሆናችን ጥሬ ቡናና የቡና አተላ በየማድቤቱ አለ፤ በውስጡ ያለው ካፌይን ለድመት መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ በተረጨበት ግቢ መርዙን የበላችውን አይጥ የምትበላ ድመት አብራ ልትመረዝ ትችላለች። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከፍቅር የተነሣ የሚሰጠው ፓራሲታሞል ነው፤ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት ሊያስወግደው ስለማይችል አንዲት የሰው ኪኒን ልትገድላት ትበቃለች። ለውሻ ቁንጫ ተብሎ የተሠራ፣ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ልብ በሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሽ ከሚቆጥር ሰው ይልቅ የቡናውን አተላ ከድኖ የሚተኛ ሰው ለድመቱ ይበልጥ ጠቅሟል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 ያቀረቡት ዘዴ ለተማሪ የሚመች ነው። ለሥጋት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ይመደብለታል። በሌላ ሰዓት ሲመጣ «ቀጠሮህ በ11 ሰዓት ነው» ተብሎ ይሸኛል እንጂ አይከራከሩትም። ቀጠሮው ሲደርስ የሚያሠጋው ሁሉ ይታሰባል፣ መፍትሔም ይፈለግለታል። ብዙውን ጊዜ በጥዋት ተራራ የነበረው ነገር ማታ ጉብታ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ጋር ድመቷን ጥዋትና ማታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ማየት ይገባል፤ በላች ወይ፣ ጠጣች ወይ፣ ከደጅ ወጣች ወይ ብሎ በደብተር ላይ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። አሥር ሰው መጠየቅም ይቅር፤ አሥር ሰው አሥር በሽታ ይነግረናልና። የሚጠየቀው አንድ ሐኪም ይሁን። በየወረዳው ያለው የእንስሳት ክሊኒክ በአብዛኛው ለላምና ለበሬ፣ ለበግና ለበቅሎ የቆመ በመሆኑ፣ ድመት በዘንቢል ይዞ የሚሰለፍ ተማሪ መሳቂያ መሆኑ አይቀርም፤ ይህ ግን ከመጠየቅ አያግደን። በዚሁ በጅማ ዩኒቨርስቲም የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

አንድ ነገር ግን ከሥጋት አይቆጠርም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን ሕክምና የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት ሦስት ወር ሲሆናት ትከተብ፤ ክትባቱም በጊዜው ይደገም። የነከሰችን ወይም የቧጨረችን እንደ ሆነ ቁስሉን 15 ደቂቃ ያህል በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥበን ያለመዘግየት ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ሉዊ ፓስተር በ1885 የ9 ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን በክትባት ካከመው ወዲህ በዚህ በሽታ መሞት በአብዛኛው የመዘግየት ውጤት ሆኗል። እንዲህ ያለው ፍርሃት ሥራ አለው፤ ሥራውን ሲፈጽም ግን ይሰናበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሥጋቱ ለሳምንታት እንቅልፍና ትምህርት የሚከለክል ከሆነ፣ መታከም ያለበት ባለቤቱ ነውና በጅማው የዩኒቨርስቲ ሆስፒታል ወዳለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል መሄድ ነውር አይደለም። ለድመታችን ሐኪም ፈልገን ለራሳችን ማፈር ምን ይሉታል?

ጓደኛችን ደብተሩን ከያዘ ሦስተኛ ወሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሳይቆጥር መተኛት እንደ ክህደት ሆኖበት ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን እንቅልፍ ወሰደው። ሥጋቱ ፈጽሞ ጠፋ አንልም፤ ቀጠሮውን አክብሮ ይመጣል፣ ጊዜው ሲደርስም ይሄዳል። ውሮም እንደ ማንኛዋም ድመት አንድ ቀን ታረጅና ትሞታለች። ያን ቀን እናዝናለን፤ ኀዘኑ ግን በቀኑ ሲደርስ ይበቃናል፣ ከአሁኑ በየሌሊቱ በብድር የምንከፍለው ዕዳ አይደለም። ትናንት ማታ ደብተሩን ገልጠን ብናይ «በላች፣ ጠጣች፣ አይጥ ያዘች» ይላል። ከሥር አዴ አስጽፈውት «ልጁም በላ» የሚል ተጨምሮበታል።